ሥራ ፈላጊዎችን ለሚያግዙ የጅማ ማኅበራት የሚሰጥ አነስተኛ የገንዘብ ድጋፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ሥራ ያጡ ልጆችን ለማገዝ ደፋ ቀና የሚሉ ብዙ ናቸው። እድሮች አሉ፣ የሴቶች የቁጠባ ቡድኖች አሉ፣ የወጣት ማኅበራት አሉ፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴዎች አሉ። አብዛኞቹ ከኪሳቸው እያወጡ ነው የሚሠሩት። አንዳንዶቹ ደግሞ አነስተኛ ድጋፍ፣ በተለምዶ ግራንት የምንለውን፣ ማግኘት እንደሚችሉ ሰምተው ከየት እንደሚጀምሩ ግራ ይገባቸዋል። ማመልከቻ ሲያዘጋጁ አብሬ ስለምቀመጥ የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤአለሁ።

ገንዘቡ ብድር ነው ወይስ ስጦታ?

ስጦታ ነው፣ አይመለስም። ግን እንደፈለጋችሁ የምታወጡት ገንዘብ አይደለም። ለተባለው ሥራ መዋሉን በደረሰኝና በሪፖርት ታሳያላችሁ። ካላሳያችሁ መልሱ ልትባሉ ትችላላችሁ።

ከብድር ጋር የሚያምታቱት ብዙዎች ናቸው። በ2009 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ብድር ነው። የድሮው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ፣ የዛሬው ሲንቄ ባንክ የሚሰጠውም ብድር ነው። ብድር ሥራ ለጀመረና ለሚነግድ ሰው ይጠቅማል። ገና ሥራ እየፈለገ ያለን ልጅ ዕዳ ውስጥ ማስገባት ግን ልክ አይመስለኝም። ለዚህ ነው ስለ ድጋፍ የምናወራው።

ጅማ ላይ ሆነን ከየት እናገኛለን?

አንዳንድ ኤምባሲዎች ለአገር ውስጥ ማኅበራት የሚሰጡት አነስተኛ ድጋፍ አላቸው። የካናዳ ኤምባሲ የአካባቢ ተነሳሽነቶች ፈንድ አለው፣ ጥሪውም አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንዴ ይወጣል። የጃፓን ኤምባሲ የሚሰጠው የታችኛው ኅብረተሰብ ድጋፍ ደግሞ በዋናነት ለግንባታና ለዕቃ ነው። ደመወዝና የዕለት ተዕለት ወጪ አይሸፍንም። ስለዚህ የእንጨት ሥራ ማሽን ለማስገባት ያሰበ ማኅበር ይሞክረው። ለሥራ ፈላጊ ትራንስፖርት ግን አይሆንም።

የአካባቢ ጥበቃን ከሥራ ጋር ለሚያገናኝ ቡድን በዓለም አቀፉ የአካባቢ ፋሲሊቲ ሥር የሚሠራ፣ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚተዳደር የአነስተኛ ድጋፎች ፕሮግራም አለ። ለአንድ ፕሮጀክት ለዓመታት እስከ 50,000 ዶላር ሲሰጥ ቆይቷል፤ የአሁኑን ጣሪያ ጥሪው ላይ እዩ። ጅማ ላይ ይኼ ሰፊ ዕድል ነው። የቡና ገለፈት በየመፈልፈያው ተከምሮ ይታያል፤ ከሱ የሚሠራ የማገዶ ከሰል አለ። ንብ ማነብ አለ፣ ችግኝ ማፍላት አለ፣ የአዌቱን ወንዝ ዳር ማጽዳትና ቆሻሻ መሰብሰብ አለ። ሁሉም ሰው ይቀጥራሉ።

ሦስተኛው መንገድ ትልልቆቹ ድርጅቶች ናቸው። ከለጋሽ በብዛት የተቀበሉትን ገንዘብ ቆራርሰው ለትንንሽ ማኅበራት ያከፋፍላሉ። ለጀማሪ ቡድን ይኼኛው ይቀላል ብዬ አስባለሁ፤ ፎርሙ ያጥራል፣ ስትሳሳቱም የሚያርማችሁ ሰው ቅርብ ነው። የከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ጅማ ላይ የትኞቹ ድርጅቶች እንደሚሠሩ ስለሚያውቅ መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ።

የቅርቡን ሰውም አትርሱ። የቡና ነጋዴ፣ የሆቴል ባለቤት፣ ውጭ ያለ የሰፈር ልጅ። መጠኑ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ግን ማኅበረሰቡ ራሱ ያዋጣው ገንዘብ እንዳለ ያየ ለጋሽ ልቡ ቶሎ ይከፈታል።

እድራችን ማመልከት ይችላል? የሲቪል ማኅበር ፈቃድ የለንም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ፣ ቁጥር 1113፣ እድርና እቁብን አይመለከትም። ይህ ማለት እድር ሕገወጥ ነው ማለት አይደለም። በዚያ አዋጅ አይመዘገብም ማለት ነው። ችግሩ የሚመጣው ከለጋሹ በኩል ነው። ብዙዎቹ የምዝገባ ወረቀት፣ የግብር ከፋይ መለያ (ቲን) ቁጥርና በድርጅቱ ስም የተከፈተ የባንክ ሂሳብ ይጠይቃሉ።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከተመዘገበ ማኅበር ጋር ተጣምሮ ማመልከት። ገንዘቡ በሱ ሂሳብ ይገባል፣ ሥራውን እናንተ ትሠራላችሁ። እንዲህ ካደረጋችሁ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚለቀቅ፣ የሚቆረጥ ነገር ካለ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ተዋዋሉ። በሽምግልና የሚያምኑ ሰዎች መጻፍን እንደ መጠራጠር ያዩታል። ለሁለቱም ወገን ሰላም የሚሰጠው ግን መጻፉ ነው።

ሁለተኛው ራሳችሁን ማስመዝገብ ነው። ጅማ ላይ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ የትኛው የክልል መሥሪያ ቤት እንደሚመለከታችሁ ከከተማው አስተዳደር ጠይቁ። መተዳደሪያ ደንብ፣ የመሥራቾች ቃለ ጉባኤና የአመራሮች መታወቂያ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ፋይዳ፣ ማለትም የብሔራዊ መታወቂያ ቁጥር፣ ያላወጣ አመራር ካለ ቶሎ ያውጣ፤ አሁን ባንክ ሂሳብ ለመክፈት ይጠየቃል።

ብቻዬን ነኝ፣ የራሴን ሥራ መጀመር እፈልጋለሁ። ማመልከት እችላለሁ?

አይ፣ ይኼ ድጋፍ ለቡድን ነው። አንተን የሚያግዝ ቡድን ፈልግ፣ ወይም ስለ ብድርና ስለ መሥሪያ ቦታ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ጠይቅ።

ገንዘቡን ለምን ብናውለው ይሻላል?

ብዙ የምጽፍበት ጥያቄ ይኼ ነው። የማያቸው ፕሮፖዛሎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። 50 ወጣት ይመለመላል፣ አዳራሽ ይከራያል፣ ለ5 ቀን የሥራ ፈጠራ ሥልጠና ይሰጣል፣ ሻይና ውሃ ይቀርባል፣ አበል ይከፈላል፣ የምስክር ወረቀት ይታደላል። በ6ኛው ቀን ልጆቹ ቤታቸው ናቸው።

ሥልጠና አይጠቅምም አልልም። ግን ጅማ በሠለጠነ ሰው የተሞላ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ያስመርቃል፣ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁ ያስመርቃል፣ የግል ኮሌጆቹም እንዲሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ከሥራ ፈላጊዎቹ ጋር ቁጭ በሉና «ባለፈው ወር ያመለከትክበት ሥራ ነበር? የት ላይ ቆመ?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትሰሙት መልስ በጣም ዝርዝርና በጣም ርካሽ ይሆናል።

አንዱ በኤሌክትሪክ ሥራ ተመርቋል፣ የብቃት ማረጋገጫ (ሲኦሲ) ፈተናውን ግን አልተፈተነም። ሲኦሲ ከሌለው ደግሞ አይቀጠርም። መክፈያ ብቻ ነው የጎደለው። አንዷ ሥራ አግኝታ ነበር፣ ሕፃኑን የሚይዝላት አጥታ ተወችው። ግንበኛው ሙያ አለው፣ ግን ማንኪያ፣ ቱንቢና ውሃ ልክ የለውም። ስለዚህ በግንበኛ ፈንታ በቀን ሠራተኛ ዋጋ ይሠራል። ከእንጨት ሥራ ቤቶቹ በአንዱ የቆየ ልጅ በርጩማም ቁምሣጥንም መሥራት ይችላል፣ የራሱ መጋዝ፣ መሮና መላጊያ ስለሌለው ግን ሁሌም የሰው ረዳት ነው። ሌላው መታወቂያው ጊዜው አልፎበታል። ሌላው ሲቪ ለማስጻፍና ፎቶ ለመነሳት እንኳ እናቱን ሳንቲም መጠየቅ ሰልችቶት ማመልከት አቁሟል።

የአነስተኛ ድጋፍ ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው። ትልልቅ ፕሮጀክቶች ለአንድ ልጅ ቱንቢ መግዛት አይችሉም፤ አሠራራቸው አይፈቅድላቸውም። የሰፈር ማኅበር ይችላል። ልጁን ያውቀዋል፣ ቤቱን ያውቀዋል፣ ዕቃውን ቢሸጠው በማግስቱ ይሰማል። እኔን ብትጠይቁኝ ከበጀቱ ግማሹን እንዲህ ላለው «የጎደለውን መሙያ» አድርጉት። ለአንድ ሰው የሚወጣውን ጣሪያ ወስኑ፣ 3 ሰው ይፈርምበት፣ ዕቃው ከሆነ ገንዘቡን ለልጁ ሳይሆን ለሻጩ ክፈሉ።

ሲቪ መጻፍ ማስተማርና የትራንስፖርት ገንዘብ መስጠት ይጠቅማል?

ይጠቅማል፣ መረጃም አለው። አዲስ አበባ ላይ የተደረገና በእ.ኤ.አ. 2021 የታተመ ጥናት ነበር። ከመሀል ከተማ ርቀው ለሚኖሩ ወጣቶች፣ ለአንዱ ቡድን የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጡ። ለሌላው ማመልከቻና ሲቪ አጻጻፍ፣ ቃለ መጠይቅ አስተማሩ፣ ችሎታቸውንም ፈትነው የምስክር ወረቀት ሰጡ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ረዱ። ከ4 ዓመት በኋላ ግን የትራንስፖርቱ ውጤት ጠፍቶ ነበር። የሲቪውና የፈተናው ቡድን ግን ገቢው ካልተደገፉት በ20 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኘ።

ጅማ እንደ አዲስ አበባ አትሰፋም። ከጅሬን ወይም ከቆጪ መሀል ከተማ ለመድረስ የሚወጣው ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ ባጃጁን ሳይሆን ወረቀቱን አስቀድሙ። ቀጣሪው የማያውቀውን ልጅ «ይኼን ይችላል» የሚል የታመነ ሰው ይፈልጋል። አንድ ባለሙያ ልጁን ለ2 ሳምንት አብሮት አሠርቶ በስሙና በስልኩ የሚፈርምበት አጭር ደብዳቤ ከ5 ቀን ሥልጠና ሰርተፊኬት ይበልጣል። ለባለሙያው ለጊዜውና ለሚበላሸው እንጨት ወይም ብረት ከድጋፉ ክፈሉት። በነፃ አታስለፉት።

ልጆቻችን ሥራ አግኝተው ተያዥ ያጣሉ። ድጋፉ ይኼን ይፈታል?

ይኼን ያነሳ ሰው ሥራውን የሚያውቅ ነው። ካሸር፣ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ሾፌር፣ ጥበቃ፣ ሽያጭ፣ ብቻ ገንዘብና ንብረት የሚነካ ሥራ ሁሉ ዋስ ይጠይቃል። ያውም ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ ዋስ። ቤተሰቡ በሙሉ በቀን ሥራና በጉልት የሚተዳደር ልጅ ይኼን ከየት ያመጣል? ፈተናውን አልፎ፣ ቃለ መጠይቁን አልፎ፣ እዚህ ላይ ይቀራል። ሀብታም ዘመድ ያለው ያገኛል። ይኼ ያንገበግበኛል።

ለጋሾች ገንዘባቸው ለዋስትና እንዲያዝ አይፈቅዱም፣ ስለዚህ ከድጋፉ አትጠብቁ። እድር ግን ሊሠራው ይችላል። ደመወዝተኛ አባላት በፈቃዳቸው የዋሶች ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ፣ እያንዳንዳቸው ለአንድ ልጅ ብቻ። የእድሩ ኮሚቴ ልጁን መርምሮ ያቀርባል። ጉዳት ቢደርስ ዋሱ ብቻውን እንዳይጎዳ እድሩ ከራሱ ገንዘብ የተወሰነ መጠባበቂያ ያስቀምጣል።

ስትፈርሙ አንድ ነገር ተመልከቱ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋሱ የሚገደድበት የገንዘብ ጣሪያ ካልተጠቀሰ ዋስትናው አይጸናም ይላል። «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ» ብቻ የሚል ወረቀት ሲመጣላችሁ መጠኑ ይጻፍ በሉ። ሽማግሌዎች የሚፈሩት መጨረሻው የማይታወቅ ዕዳ ነው። ቁጥሩ ሲቀመጥ የሚፈርመው ሰው ይበዛል።

ኢንዱስትሪ ፓርኩ ይቀጥር የለ? ልጆቹን ወደዚያ ብንልክ አይበቃም?

ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ የነበረው ተስፋ ትልቅ ነበር። የሚቀጥር ካለ ላኩ። ግን ቁጥር ለማሟላት ብቻ አትላኩ። በአገራችን 5 ፋብሪካዎች ላይ የተደረገና በእ.ኤ.አ. 2018 የታተመ ሌላ ጥናት፣ ወደ 1,000 የሚጠጉ አመልካቾችን በዕጣ ከፍሎ ነበር። ፋብሪካ ከገቡት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀቁ። ክፍያው ከሌላው ሥራ ብዙ አይሻልም፣ የጤና ችግርም ጨምሮባቸዋል። ለግል ድርጅቶች የተቀመጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለ ደመወዙን አስቀድማችሁ ጠይቁና ከቤት ኪራይና ከምግብ ጋር አብራችሁ ከልጅቷ ጋር አስሉት።

ገንዘባችሁን ደግሞ በተቀጠረችበት ቀን አትጨርሱ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ነው። ሰው የሚለቀው ወይም የሚሰናበተው በዚህ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪመጣ ምሳና ትራንስፖርት፣ በየሳምንቱ አንድ ስልክ፣ ከአለቃ ጋር ሲጋጩ የሚያማክር ታላቅ ሰው። ይኼን በጀታችሁ ውስጥ አስገቡ።

ገንዘቡን ለወጣቶቹ እኩል ብናካፍላቸውስ?

ያው የፋብሪካዎቹ ጥናት ይኼንንም ሞክሮታል። ለአንዱ ቡድን ወደ 300 ዶላር ስጦታና አጭር የንግድ ሥልጠና ሰጡ። በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በሲሶ ገደማ አደገ። ከ5 ዓመት በኋላ ግን ከሌሎቹ ጋር ተቀራርቦ ተገኘ። ስለዚህ ጥሬ ገንዘብ ይሠራል፣ ግን ብቻውን ዕድሜው አጭር ነው። እናንተ የምታገኙት ድጋፍ ደግሞ ለ40 ሰው ሲካፈል 300 ዶላር አይደርስም። እኩል ማካፈል ከጭቅጭቅ ያድናል፣ ያ ይገባኛል። ግን ትንሽ ትንሽ ይዳረስና ማንንም ከቦታው ሳያንቀሳቅስ ይቀራል።

የቡና ወቅት ሥራችንን ያስተጓጉላል?

አዎ፣ ካላቀዳችሁበት። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ድረስ የጎማ፣ የማናና የሊሙ ወረዳዎች ሕዝብ በሙሉ የቡና ለቀማ ላይ ነው። ማጠቢያ ጣቢያዎች፣ መጋዘኖች፣ ጫኝና አውራጆች፣ ሁሉም ሰው ይፈልጋሉ። በዚህ ጊዜ ሥልጠና ብትጠሩ የሚመጣላችሁ የለም፣ መምጣትም የለበትም። ገንዘብ እያገኘ ነው።

ፕሮጀክታችሁ ከጥር ወዲህ እንዲጀምር አድርጉ። ሥራው የሚደርቀው ከዚያ በኋላ ነው። ወይም ወቅቱን ራሱን ተጠቀሙበት፤ ከማጠቢያ ጣቢያ ጋር ቀድማችሁ ተነጋግራችሁ ልጆቹ በቡድን እንዲቀጠሩ፣ ከሚያገኙትም እንዲቆጥቡ አድርጉ። ሌላም አለ፦ ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ቀን ነውና እናቶች የሚሳተፉበትን ስብሰባ በዚያ ቀን አትጥሩ።

ፕሮፖዛሉን በምን ቋንቋ እንጻፍ? ማንስ ይጻፍልን?

ለከተማው መሥሪያ ቤቶች በአፋን ኦሮሞ፣ ለውጭ ለጋሾች አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ። የአገር ውስጥ ድርጅቶች አማርኛም ሊቀበሉ ይችላሉ፣ ጠይቁ። ሐሳቡን ግን መጀመሪያ ኮሚቴው በሚያወራበት ቋንቋ በ1 ገጽ ጻፉት፤ ትርጉሙ ከዚያ ይከተላል። ከዩኒቨርሲቲው መምህራንና ተማሪዎች መካከል በበጎ ፈቃድ የሚያግዙ አይጠፉም።

«ጽፌ አስገባላችኋለሁ፣ ከተሳካ 10 በመቶ ትሰጡኛላችሁ» የሚል ሰው ሲመጣ ግን አመስግናችሁ ሸኙት። ለጋሹ ይኼን ወጪ አይቀበልም፣ ስለዚህ ገንዘቡ ከሐሰተኛ ደረሰኝ ነው የሚወጣው። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ በእጁ ነው። በተጨማሪም እሱ የጻፈውን ሥራ እናንተ አታውቁትም። ለጋሹ ሲደውል የሚመልስ ይጠፋል።

በጀቱን እንዴት እናውጣ?

ዋጋውን ሄዳችሁ ጠይቁ። ለትልልቅ ግዢዎች ከ3 ሻጮች ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ሰብስቡ። ሦስቱም ከአንድ ሰው የተጻፉ ሆነው የሚመጡበት ጊዜ አለ፤ ይታወቃል፣ አታድርጉት። ጥሪው ከወጣበት እስከ ገንዘቡ እስኪለቀቅ ወራት ስለሚያልፍ የዋጋ ንረቱን አስቡ። አንዳንድ ለጋሾች የመጠባበቂያ መስመር ይፈቅዳሉ።

በአዋጅ 1113 ለተመዘገቡ ድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ለጋሹ ከዚያ ሊያሳንሰው ይችላል። ለቢሮ ኪራይና ለጸሐፊ ብዙ የያዘ በጀት በዚህ ብቻ ይወድቃል።

አበልን በተመለከተ፣ ለሥራ ፈላጊው ትራንስፖርትና ምሳ ስጡት፣ ተገቢ ነው። የኮሚቴ አባላት ለስብሰባ የሚከፈላቸው አበል ግን ባይኖር ይሻላል እላለሁ።

ነጋዴው ደረሰኝ የለኝም ሲለን ምን እናድርግ?

ደረሰኝ ከሚሰጠው ግዙ፣ ትንሽ ቢወደድም። ከጉልት የሚገዛ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ለምሳ የሚሆን አትክልት፣ የግዢ ማረጋገጫ ቅጽ አዘጋጁ፦ የሻጭ ስም፣ ቀን፣ ዕቃ፣ ዋጋ፣ ፊርማ፣ 2 ምስክር። ለጋሹ ይኼን እንደሚቀበልና እስከ ስንት ብር እንደሚቀበል ስምምነቱን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ማንን እንምረጥ? ሁሉም ችግረኛ ነው።

መስፈርቱን ከስም ዝርዝሩ በፊት አውጡ፣ በግልጽም ለጥፉ። የኮሚቴ አባል ልጅ ወይም ወንድም ካመለከተ አባሉ በዚያ ውሳኔ ላይ አይቀመጥ። ቃለ ጉባኤ ላይም ይጻፍ። አንድ የተጠረጠረ ምርጫ የእድርን ስም ለዓመታት ያበላሻል።

ሁሌ የሚረሱ ሰዎች አሉ። ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶች፣ በጅማ ዞን ቁጥራቸው ብዙ ነው። የቤት አያያዝ፣ የሕፃን እንክብካቤ፣ ምግብ ዝግጅት፣ ዓረብኛ ይዘው ነው የመጡት። ሆቴሎችና ክሊኒኮች የሚፈልጉት ችሎታ ነው፣ ግን ወረቀት ላይ የለም። አካል ጉዳተኞችም በአዋጅ 568/2000 ከሥራ እንዳይገለሉ የተጠበቀላቸው መብት አላቸው። ስብሰባችሁን ደረጃ በሌለበት ቤት አድርጉ፣ ቤተሰቡን አንኳኩታችሁ ጥሩ፤ ማስታወቂያ ብቻ አይደርሳቸውም። ዕድሜን በተመለከተ፣ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቀጠር አይችልም። ከ15 እስከ 18 ያሉትም የተለየ ጥበቃ አላቸው።

ከሥራ ፈላጊው ምዝገባ ብላችሁ 50 ብርም ቢሆን አትቀበሉ። ቴሌግራም ላይ «ሥራ እናስገባለን» እያሉ ገንዘብ የሚበሉት ስለበዙ፣ እናንተም እንደነሱ ትታያላችሁ።

ሪፖርቱ ላይ ምን ይጻፋል?

ስንት ሰው አዳራሽ ገባ ሳይሆን ስንቱ ሥራ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ መዝገብ ያዙ። ስም፣ ስልክ፣ የቅርብ ሰው ስልክ፣ የጎደለው ነገር ምን እንደነበረ፣ ምን እንደተደረገለት። የቅርብ ሰው ስልክ ያልኩት ወጣቶች ሲም ስለሚቀያይሩ ነው። ከ3 ወርና ከ6 ወር በኋላ ደውሉ። ሥራ ላይ ያለውን፣ የለቀቀውን፣ ያልተገኘውን ለየብቻ ጻፉ።

ያልተሳካውን አትደብቁ። «30 ሰው አግዘን 11ዱ ሥራ ይዘዋል፣ 6ቱ ለቀዋል፣ ምክንያታቸው ይኼ ነው» የሚል ሪፖርት፣ «ሁሉም ተጠቃሚ ሆነዋል» ከሚለው የበለጠ ይታመናል። የልጆቹን ፎቶና ታሪክ ከማውጣታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ማንም «ድሃ ነበርኩ» እየተባለ እንዲታይ አይገደድም።

ውድቅ ብንደረግስ?

ብዙዎቹ በመጀመሪያው ይወድቃሉ። ምክንያቱን በኢሜይል በአክብሮት ጠይቁ፤ የሚመልሱ አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከሦስት አንዱ ነው፦ ጥሪው የማይመለከታችሁ ነበር፣ በጀቱና ሥራው አይገናኙም፣ ወይም አንድ ወረቀት ጎድሏል። ወረቀቱ ከሆነ በዚያው ሳምንት አሟሉት፤ የሚቀጥለው ጥሪ ሲወጣ ብዙ ቀን አይሰጥም።

እስከዚያ ግን ያለ ድጋፍ የሚሠራውን ጀምሩ። የዋሶች ዝርዝር ገንዘብ አይጠይቅም። የሥራ ማስታወቂያ ሰብስቦ በየሳምንቱ እድር ላይ ማንበብም እንዲሁ። መዝገቡንም ከአሁኑ ክፈቱ።